የቀኝ እግሬ ነገር

ሰቆጣ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ባለቤቴ ለያስሚን፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከርመሻል? የኮምቦልቻ ሙቀት ተስማማሽ? እህትሽ ፊርደውስስ ጉልበቷን ተሻላት ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ሆዴ ብቻ ቀንሷል። ለምን እንደቀነሰ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

«ይሄ ሰውዬ ስልክ የለውም እንዴ?» እንደምትይ አውቃለሁ። አለኝ። ስደውልም ታነሻለሽ፣ ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ከዚያ አንቺ ዝም ትያለሽ። ዝምታሽ ምን እንደሚጠይቀኝ ስለማውቅ «ደንበኛ መጣ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ወላሂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጣ ደንበኛ አልነበረም። ወረቀት ግን ዝም ሲሉት ዝም ነው፤ አያጣድፍም።

አምና ከረመዳን በኋላ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ወንድሜ ከእጅህ እንዴት እንደጠፋ እስክትነግረኝ ድረስ አልመለስም» አልሽ። «ውሃ ወሰደው» አልኩሽ። «ውሃ እንደወሰደውማ እኔም አውቃለሁ፣ ሚፍታሕ» ብለሽ ወጣሽ። ስትወጪ ትከሻዬን አልነካሽኝም። አንቺና ወንድምሽ ከሪም «ደኅና ሁን» ማለት አታውቁም፤ ሁለቴ ነካ ነካ አድርጋችሁ ነው የምትለዩት። በልጅነታችሁ ኒሯቅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ወንዝ ስትሻገሩ የለመዳችሁት ነው ብለሽ ነግረሽኝ ነበር። የኋለኛው የፊተኛውን ትከሻ ይይዛል። የውሃው ጩኸት ስለማያሰማ ሊለቅ ሲል ሁለቴ ይነካዋል፤ «ለቅቄሃለሁ፣ አንተ ቀጥል» ማለት ነው። የዚያን ቀን ግን እኔን ሳትነኪኝ ሄድሽ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጥያቄሽን ልመልስልሽ ነው። ፈሪ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነው የምደርሰው። ታገሺኝ።

ዋና እየተማርኩ ነው።

ሳቂ፣ ግድ የለም፣ ሰቆጣ ሁሉ ስቆብኛል። አጠገባችን በርበሬ የምትሸጠው ትርፌ «ሚፍታሕ፣ ደግሞ ለዓሣ ጫማ ልትሸጥ ነው?» ብላ ገበያውን ሁሉ አሳቀችብኝ። በአርባ ስምንት ዓመቴ እሑድ እሑድ ሱቁን ዘግቼ፣ ከጭነት ጋር ተሳፍሬ ወደ ኒሯቅ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በእግሬ ተከዜ ሐይቅ ወደሆነበት ወደ ግድቡ ውሃ። አዎ፣ እዚያው ቦታ። ሌላ ውሃ አልፈለግኩም።

አስተማሪዬ ጋሽ ካሤ ይባላሉ። የዋግ ዝቋላ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ፤ አሁን መረብ ይጥላሉ። ሰሞኑን ጾም ገብቶ ዓሣ ፈላጊው ስለበዛ እኔን የሚያስተምሩኝ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መረባቸውን እየቋጠሩ ነው። ሲቆጡ አገውኛ ይናገራሉ። አንቺ ብትኖሪ ትተረጉሚልኝ ነበር፤ ባይተረጎምልኝም የሚሻል ይመስለኛል። ለምን በዚህ ዕድሜዬ እንደምማር ሲጠይቁኝ «ሐኪም አዞኝ ነው» አልኳቸው። ውሸት እንደሆነ ገባቸው፤ አልተጫኑኝም።

የሚያስተምሩኝ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ፣ እጅ እያፈራረቁ፣ እግር እየመቱ የሚዋኙትን ነው። እጄ ቶሎ ገባው። ችግሩ እግሬ ነው። ሠላሳ ዓመት ጫማ ሸጬ እግር አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ ምንም አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን ካዩኝ በኋላ «አንተ እየዋኘህ አይደለም፤ ዳገት እየወጣህ ነው» አሉኝ። ለካ ጉልበቴን ወደ ሆዴ እያጠፍኩ፣ እግሬን ሽቅብ እየቀሰርኩ ውሃውን እወጣው ኖሯል። «እኛ ደገኞች ሁላችን እንደዚህ ነን፤ ውሃ ውስጥም ድንጋይ እንፈልጋለን። ድንጋይ የለም! ምን ልትረግጥ ነው?» አሉኝ። ቃሏ እንዴት እንደወጋችኝ እሳቸው አላወቁም።

ምቱ ከሽንጥ ነው የሚነሳው፣ ያስሚን። ጉልበት ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። ቁርጭምጭሚት ፍጹም መላላት አለበት። ጨርቅ ስታራግፊ እጅሽን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሺው፤ ጫፉ ራሱ ይከተላል፤ እንደዚያ። ተረከዝ ከውሃው ብቅ ሳይል መመለስ አለበት፤ ምቱ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ፊትም ቁልቁል ማየት አለበት፤ ቀና ካልሽ እግርሽ ይሰምጣል። እኔ ቁልቁል ማየት አልወድም። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ጥቁር ነው፣ ከዚያ ምን እንዳለ አላህ ያውቃል።

እግሬ ብቻውን እንዲለምድ ባዶ ጀሪካን ከድነው ሰጡኝ፤ በሁለት እጅ ወደ ፊት ይዞ መምታት ነው። ቢጫ ጀሪካን ነበር። «ሌላ ቀለም የለዎትም?» አልኳቸው። «ጀሪካን ደግሞ የቀለም ምርጫ አለው?» ብለው ሳቁ። ሳቄ አልመጣልኝም።

ግራ እግሬ ወዲያው ታዘዘ። ቀኜ ግን እንጨት ነው። በዚህ ምክንያት ቀጥ ብዬ መሄድ አልችልም፤ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እጠመዘዛለሁ። በስተቀኝ ደግሞ ውሃው የዋጣቸው ግራሮች አሉ፤ የደረቀ ጫፋቸው ብቻ ከውሃው በላይ ይታያል። አንቺም ለቅሶው ጊዜ አይተሻቸዋል። ቀና ስል ሁልጊዜ ፊታቸው ነኝ። ጋሽ ካሤ ብዙ ካሰቡ በኋላ «እናንተ ስትሰግዱ ግራ እግራችሁን አስተኝታችሁ ትቀመጡበት የለ? ቀኙን ግን ታቆሙታላችሁ። ግራው በስግደት ላልቷል፤ ቀኙ አልተማረም» አሉኝ። ክርስቲያን ሆነው ይህን ማስተዋላቸው ገረመኝ። ምክንያቱ ይህ ብቻ በሆነና በወደድኩ።

ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። ላይ ላዩ ውሃ ሙቅ ነው፣ ታችኛው ቀዝቃዛ ነው። ቀኝ እግሬ ሰምጦ ያንን ቅዝቃዜ ሲነካ ቁርጭምጭሚቴን እጅ ይይዘዋል። አራት ጣትና አውራ ጣት፤ እቆጥራቸዋለሁ። ውሃ ውስጥ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ሱቅ ውስጥ ተንበርክኬ ለሰው ጫማ ሳስለካም ይይዘኛል። ሱጁድ ወርጄም ይይዘኛል። የካልሲዎቼ ላስቲክ ሁሉ የተቆረጠው ለዚህ ነው። አንቺ አይጥ መስሎሽ ወጥመድ አስገዝተሽኝ ነበር። አይጥ አልነበረም፣ እኔ ነኝ በመቀስ የቆረጥኳቸው። እዚያ ቦታ ላይ ጠበቅ የሚል ነገር አልችልም።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ካሤ ትዕግሥታቸው አለቀ። ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ቆሙና ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቶቼን ከኋላ ያዙ። «አንተ ጀሪካኑን ይዘህ ምታ። ከሽንጥህ መምታትህን በእጄ ስሰማ እለቅሃለሁ። ፊትህ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን አትሰማኝም። ሁለቴ ከነካሁህ ለቅቄሃለሁ ማለት ነው፤ ቀጥል» አሉኝ።

ሲይዙኝ አበድኩ። መዋኘት አይደለም፣ ተራገጥኩ። ባለ በሌለ ኃይሌ ነው የረገጥኳቸው። የስልሳ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው አልተነቃነቀም። እንዲያውም አጠበቁት። ደክሞኝ እግሬ ሲላላ፣ ያኔ፣ ቀኝ እግሬን ሁለቴ ነካ ነካ አደረጉኝ።

ጮኽኩ፣ ያስሚን። ውሃ ውስጥ አፌን ከፍቼ ጮኽኩ። ጎትተው አወጡኝና ጀርባዬን እየመቱ ውሃውን አስተፉኝ። ከዚያ ዳር ላይ ተቀምጬ፣ ጸሐይ አናቴን እየመታኝ፣ ለአንቺ ያልነገርኩሽን ለእሳቸው ነገርኳቸው። ስጨርስ «ለእኔ አልነበረም የሚነገረው» አሉኝና መረባቸውን አነሱ።

እንግዲህ ስሚኝ።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ታስታውሻለሽ። እኔና ከሪም ጨውና ሳሙና የምናሻግረው በሁለት የተነፋ የመኪና ጎማ ላስቲክ ላይ ሳንቃ አስረን ነበር። የዚያን ቀን አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። ከመሐል አልፈን ወደ ዳር ስንጠጋ ከውሃው በታች ያለ የግራር ቅርንጫፍ አንዱን ላስቲክ ቀደደው። ሳንቃው ተገለበጠ። የከሪምን ትከሻ መታው። እኔ መዋኘት አልችልም፣ እሱ ይችላል። መጀመሪያ ያደረገው ከጭነቱ ተርፎ የሚንሳፈፍ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ወደ እኔ መግፋት ነበር። «ያዝ! ወንድምዓለም፣ ያዝ!» አለኝ። ያዝኩ። እሱ በአንድ እጁ ትንሽ ዋኘ፤ ትከሻው እንቢ አለው። ከዚያ ከኋላ ቀኝ እግሬን ያዘ፤ በልጅነታችሁ ትከሻ እንደምትያያዙት። «እየገፋሁህ ነው፣ አይዞህ» አለኝ።

ጀሪካኑ ሁለት ሰው አልቻለም። አፌ ውሃ ሞላ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ወረድኩ።

ረገጥኩት፣ ያስሚን። አንዴ ብቻ አይደለም። ግራ እግሬ ምን እንዳገኘ አላውቅም፤ ፊቱ ይሁን ደረቱ አላውቅም። ወንድምሽን፣ ጀሪካኑን የሰጠኝን ሰው፣ ረገጥኩት። አልለቀቀኝም። ከዚያ ማቆም ፈልጌ ሳይሆን አቅቶኝ እግሬ ለአንድ አፍታ ላላ። ያኔ እግሬን ሁለቴ ነካኝ። ከዚያ ቀለለኝ። ዳር ደርሼ ስዞር ግራሮቹ ብቻ ነበሩ።

ያንን መነካት ይኸው አራት ዓመት ሊሞላው «ጣቱ ሲንሸራተት ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሰንበር አይተሽ «ምንድን ነው?» ስትይኝ «እንጨት ቧጨረኝ» አልኩሽ። አንቺ ማር ቀባሽልኝ። ሬሳው ስላልተገኘ ባዶ ቦታ ፊት ስንሰግድለት የፊተኛው ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። አላህ ያየኛል፣ አንቺ አታይኝም ብዬ።

አሁን ነገሩን የማሳምር እንዳይመስልሽ። የያዘ እጅ በእርግጫ እንደማይለቅ ባለፈው እሑድ በእግሬ አይቻለሁ። ከሪም እኔ ስላስለቀቅኩት አይደለም የለቀቀኝ፤ ራሱ ነው የለቀቀኝ። ግን ከረገጥኩት በኋላ ነው። ይህን ለማምለጫ አልጠቀምበትም። ለማምለጫ የማይሆን ነገር ነውና፤ እንዲያውም ይብሳል። ረግጦ የገደለ ሰው ቢያንስ ጠላቱ የሆነውን ሰው ያስታውሳል። እኔ ግን የማስታውሰው እየረገጥኩት «አንተ ቀጥል» ያለኝን ነው።

«ወንድሜ እንዴት ጠፋ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እንዲህ ነው የጠፋው። የመጨረሻ ንግግሩም ይኸው ነው፤ ትርጉሙን አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ።

ዋናውን አልተውኩም። አሁንም ወደ ቀኝ እጠመዘዛለሁ። በመጪው ጥር አራት ዓመት ሲሞላው እነዚያ ግራሮች ጋ ዋኝቼ ልደርስና ዱዓ ላደርግለት አስቤያለሁ። በጀልባ አይደለም። ጋሽ ካሤ በጀልባቸው ከጎኔ ይቀዝፋሉ። ለመምጣት ልብሽ ከፈቀደ ዳር ላይ ቁሚ። ካልፈቀደም ይገባኛል።

አላህ ከሪምን በጀነት ያኑረው። አንቺንም ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ከእኔ የመጣብሽንም ሐዘን በሰፊ እዝነቱ ያቅልልሽ። ለፊርደውስ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ደብዳቤውን አንብባው ከረገመችኝም አልቀየማትም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትሄጂ ሳትነኪኝ ነው የሄድሽው፤ እስከ ዛሬ የቆምኩት በዚያ ነው። ይህን ሰምተሽ ልትለቂኝ ከፈለግሽ በስልክ አይሁን፣ ሽማግሌም አትላኪ። መጥተሽ በገዛ እጅሽ ሁለቴ ንኪኝ። ዘወር ሳልል፣ ለምን ሳልል እቀጥላለሁ። እስከዚያ ግን እንደያዝሽኝ ነው የምቆጥረው። የፈለግሽውን ያህል አጥብቀሽ ያዢኝ፤ ከእንግዲህ አልራገጥም።

ባለቤትሽ
ሚፍታሕ