የአንጓች ፍሬን

ሰኞ፣ ሰኔ 9፣ ከሰዓት

ፍሬኑ አሁንም አየር አለበት። እጀታውን ስጨብጠው ልስልስ ይላል። ሲሪንጁን ከታች ሰክቼ ዘይቱን ወደ ላይ እገፋለሁ። አረፋ ብቅ ይላል፣ ደስ ይለኛል፣ አለቀ ስል ሌላ አረፋ።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ፤ የሳይክል የሽቦ ፍሬን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ። በዘይት የሚሠራ ስገጥም ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምማረው ከስልክ ቪዲዮ ነው፤ ኔትወርኩ ደግሞ ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ጎረቤቴ ምናለ፣ ባጃጅ ጠጋኙ፣ የመኪና ፍሬን ዘይት ጨምርበትና ተገላገል ይለኛል። አይሆንም። ይኼ የራሱ ዘይት አለው፤ የመኪናው ውስጡ ያለውን የላስቲክ ማሸጊያ፣ ጎሚኒውን፣ ይበላዋል። ሳቀብኝ። ይሳቅ። የምትወርደው የእሱ እህት አይደለችም።

የምትወርደው የእኔ እህት አንጓች ናት። እሑድ የሳይክል ክለብ ማጣሪያ አላት፤ ከደ/ታቦር ገሳይ ደርሶ መልስ። ዳገቱ አያስፈራኝም። መልሱ ነው የሚያስፈራኝ። አምና በዝናብ እዚያው ቁልቁለት ላይ የድሮው ፍሬን አልይዝ አላት። ክንዷ ተሰብሮ በሰው ድጋፍ ቤት ገባች። እማዬ ከዚያ ወዲህ ሳይክል ባየች ቁጥር ታማትባለች። ይህን የዲስክ ፍሬን ከአ/አበባ ያስመጣነው በዝናብም ይይዛል ተብሎ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ያዘ! እጀታው ድንጋይ ሆነ። አንጓች ከገበያው በላይ ያለውን ቁልቁለት ወርዳ ቀጥ አለች። «ጋሼ፣ በሁለት ጣት ብቻ!» እያለች መጣች። ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።

እማዬ ወጥታ የሚያቆማት የትኛው ብረት ነው አለች። አሳየኋት። ይቺ ክብ፣ የምታበራዋ፤ የፍሬን ሸራው ግራና ቀኝ ቆንጥጦ ይይዛታል አልኳት። ጎንበስ ብላ ቆየች። «እንግዲያ ነፍሷ እዚች ላይ ናታ» አለች። አዎ አልኳት፣ እየሳቅሁ። ዛሬስ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ያው ቁልቁለት፣ ያው ፍሬን። ዛሬ ጮኸ እንጂ አልያዘም። አንጓች መንገዱን ስታ የታረሰ ማሳ ውስጥ ገብታ ነው የቆመችው። ጭቃዋን እያራገፈች ትስቃለች። እኔ አልሳቅሁም።

ፈታሁት። ሸራው ቅባት ጠጥቷል፤ ዲስኩም ቅባት ነው። ከየት መጣ? ከእኔ ሥራ ነዋ! ወይ ጎሚኒው ያፈሳል፣ ወይ ቱቦውን አላጠበቅሁም። ዲስኩን በአረቄ አጠብሁ፤ ቅባት የሚያነሳ ሌላ ነገር የለኝም። እማዬ «በጾም!» ብላ አፍንጫዋን ያዘች። የነበረኝን ትርፍ ሸራ ገጠምሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ የለም። አዝዤ ባስመጣም ለእሑድ አይደርስም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ዲስኩን በጣቴ ነካሁት። ደግሞ ቅባት!

አንጓችን ዛሬ አትወጪም አልኳት። ተጣላን። ይህ ክለብ ካልወሰደኝ ዓረብ አገር እሄዳለሁ፣ ያኔ ፍሬን አያሳስብህም አለችኝ። ክፉ አፍ አላት። ግን እንደምታደርገው አውቃለሁ። ብትወርድ እሰጋለሁ፣ ብትቀር አጣታለሁ። ሚካኤል ሆይ፣ ምን ላድርግ?

ከሰዓት። መላ መጣልኝ። እጀታውን ጨብጬ ከጎማ ውስጥ በወጣ የካላማዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ጥብቅ አድርጌ አሰርሁት። ዘይት ሊወጣባቸው የሚችሉትን ቦታዎች ሁሉ በሶፍት ጠቀለልሁ። ካፈሰሰ ሶፍቱ ይናገራል።

ዓርብ፣ ሰኔ 13፣ ንጋት

ሶፍቱ ደረቅ ነው። እጀታው እንደ ድንጋይ። ዲስኩ ግን በቅባት ያብለጨልጫል።

ምክንያቱን በዓይኔ አየሁ። ልፈትሽ ስገባ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ሳይክሉ ሥር ጎንበስ ብላለች። በእጇ ከገዳም ያመጣችው የቅብዓ ቅዱስ ብልቃጥ። አውራ ጣቷን ነክራ ዲስኩ ላይ መስቀል ትሠራለች፤ የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አላየችኝም። ወደ ኋላዬ ተመለስሁ።

ያሳየኋት እኔ፣ «ነፍሷ እዚች ላይ ናት» ስትል አዎ ያልሁት እኔ!

ሥራዬ ደህና ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እናትን ምን ብለው ይነግሯታል? ልጅሽን ማሳ ውስጥ የከተታት ጸሎትሽ ነው ይባላል? ሳልናገር ዋልሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ሸራዎቹን ምድጃ ላይ አደረግኋቸው፤ ቅባቱ ጨሶ ወጣ። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኋቸው። ዲስኩን እንደገና በአረቄ። ሠርቼ ሳበቃ ዝናቡ ጣለ። ይጣል፣ የፈለግሁት እሱን ነው።

አንጓች ከገሳይ በኩል ወረደች። እኔ በምናለ ባጃጅ ከኋላዋ፣ ወንበሩን ጨምድጄ። መታጠፊያው ላይ ላሞች መንገዱን ዘጉት። ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ቆማ ላሞቹን «ሂጂ!» ትላለች። ምናለ ከዛሬ ጀምሮ አልስቅብህም አለ።

ማታ ለእማዬ ነገርኋት። ፍሬንና ቅባት አይስማሙም፣ የተባረከም ቢሆን አልኳት። «እኔ ልገድላት ነበር?» አለች። አላወቅሽም አልኳት። ራት አልቀመሰችም። ምነው አፌን በቆረጠው።

እሑድ፣ ሰኔ 15፣ ጠዋት

መፍቻውን ይዣለሁ። ልፈታው ነው። ትናንት ያዘ፣ ዛሬ ባይይዝስ? አንድ አረፋ ቀርታ ቢሆንስ? አንጓች ለብሳ ጨርሳ ተው ትለኛለች። አልሰማም። አንዴ ብቻ አየሩን...

እማዬ ከቤ/ክ ገባች። ብልቃጧን ይዛለች። ደንግጬ ሳይክሉ ፊት ቆምሁ። ወደ ሳይክሉ አልሄደችም። መፍቻውን ከእጄ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እጅህን አምጣ» አለች።

ሁለቱንም መዳፌን ቀባች። ጣቶቼን እያንዳንዳቸውን፣ ግራሶ የገባበትን ጥፍሬን ሳይቀር። «ብረቱ ካልሆነ፣ የሠራውን እጅ» አለች። አንጓች ፊቷን አዞረች። እኔም ማልቀሴን አልደብቅህም።

አሁን እጄ ቅባት ነው። የእማዬን ቅባት አልታጠበውም፤ በዚህ እጅ ደግሞ ዲስክ አይነካም። ስለዚህ አልፈታውም። ወሰንሁ። አንጓች ሳይክሉን ራሷ ገፍታ ወጣች፤ እማዬ እስከ በሩ ሸኘቻት። ይኸው፣ ደብተሬ፣ ገጽህንም ቀባሁት።