ርካሹ ኮንሶልዎ ስንት እንዳስከፈለኝ

ለተከበሩ የኮንሶል አስመጪው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሶፊያ ከተማ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ የዋጋ ማነጻጸሪያ የሚያዘጋጁልዎት ባለሙያዎች ሳይቀሩ፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። እኔ በሩሴ ከተማ የምኖር ጡረተኛ የትሮሊ ባስ ሾፌር ነኝ፤ የእኔን ጤና እንተወው።

ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው የጨዋታ ማሽን፣ ኮንሶል፣ ከኮምፒውተር በግማሽ ዋጋ እንደሚገኝ በማስታወቂያዎ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የገዛሁት ለልጄ ለቢሊያና ስል ነው። የሟች እናቷን የገጠር ቤት ሳልነግራት ከሸጥኩ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ከምትኖርበት ከውጭ አገር፣ ከቫሌንሲያ ሆና ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ በጨዋታው ውስጥ የጭነት መኪና አብረን እንነዳለን፤ አንዳንዴም ቀኝህን ያዝ ትለኛለች። የቀረኝ ይኸው ብቻ ነበርና ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1. ማሽኑ ዘጠኝ መቶ ሌቫ ነበር። በኢንተርኔት ከሰው ጋር ለመጫወት በየዓመቱ እንደሚከፈል ማስታወቂያዎ መናገር አፍሮ ኖሯል። ኮምፒውተር ያለው ጎረቤቴ ኦግንያን ለዚህ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም፤ እኔ በመቶ ሠላሳ የምገዛውንም ጨዋታ ቅናሽ ጠብቆ በሃያ ይወስደዋል። እንዳልዋሽ፣ የእሱ የመብራት ሂሳብ ያስለቅሳል። ቢሆንም የስድስት ዓመቱን ስደምረው የእሱን ኮምፒውተር ገዝቼ ይተርፈኝ ነበር።

2. የኦግንያን ኮምፒውተር ሲያረጅ አንድ ዕቃ ቀይሮ ይቀጥላል። የእኔን ግን ምንም ሳይሆን ዘመኑ አልፏል ብላችሁ ከኢንተርኔት ቆረጣችሁት። አሥራ አንድ ጊዜ ብደውል፣ የደንበኞች አገልግሎትዎ ስለ ትዕግሥቴ አሥራ አንድ ጊዜ አመሰገነኝ።

3. ግራ ቢገባኝ፣ ለሞተ ሰው እንደምናደርገው ለማሽኑ የሐዘን ማስታወቂያ አሳትሜ በመደብርዎ በርና በሕንፃችን መግቢያ ለጠፍኩ። ማተሚያ ቤቱ እንደ ልማዱ ጾኔቭ የሚለውን የቤተሰቡን ስም በትልቁ፣ የማሽኑን በትንሹ አደረገው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ስቶያንካ መነጽሯን ሳታደርግ አንብባ ለቢሊያና ደወለች። ልጄ በማግስቱ ጥቁር ለብሳ፣ ለሙታን የሚሰጠውን ጥንድ ቁጥር አበባ ይዛ ደረሰች። በሩን የከፈትኩላት እኔው ነኝ። አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ነገሩን ስነግራት እጇን ከአንገቴ ላይ አነሳች።

«አባዬ፣ በሞትህም ታታልለኛለህ?» አለችኝ። ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች።

እስከዚች ቀን ድረስ በሕይወት በመኖሩ ይቅርታ የሚጠይቅዎ፣ ታማኝና ታጋሽ ደንበኛዎ፣

ራድኮ ጾኔቭ

ማሳሰቢያ፦ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ባጠራቀምኩት ገንዘብ አዲሱን ማሽን ገዝቻለሁ። ያለፈው እሑድ ገብቼ፣ መኪናዬን አስነስቼ፣ እስኪመሽ ጠበቅኋት። አልመጣችም። ኩባንያዎ ግን የዓመቱን ክፍያ በሰዓቱ ቆርጧል፤ ቀጠሮ የማያጓድልብኝ አንድ እንኳ ስላለ አመሰግናለሁ።