ቀይና ጥቁር ሽቦን እኩል ለሚያዩት ለኢንጂነር መሕሙድ

ለተከበሩ ኢንጂነር መሕሙድ፣
የድምፅ መሣሪያዎች ጥገና ቤት ባለቤትና ብቸኛ ባለሙያ፣
ሆጤ፣ ደሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ። አላህ ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ በተለይም ዓይንዎን ይጠብቅልን። እኔ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ የምሠራዋ ፋኢዛ ሀምዱ ነኝ። ባለፈው ክረምት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ መጥተው የእናቴን የወይዘሮ ከሪማን ቴፕ፣ እኔ ከገዛሁላት አምፕሊፋየርና ከሁለት ስፒከሮች ጋር ስላገናኙላት ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ፍጥነትዎ። በግራው ስፒከር ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ካሰሩ በኋላ፣ በቀኙ ቀዩን ከጥቁር፣ ጥቁሩን ከቀይ አስረው ሲጨርሱ እናቴ ሻይ እንኳን አላፈላችም ነበር። ቀለሙ አለመግጠሙን አይታ ብትጠይቅዎ «አብሽሩ እማማ፣ ሁሉም መዳብ ነው» ብለው አረጋግተዋታል።

ሁለተኛ፦ ስለ ምርመራዎ። እንዲህ ሲታሰር አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ አንዱም የሌላውን ወፍራም ድምፅ ይበላል። በካሴት የተቀረጸው የሟች አባቴ ጎርናና የመንዙማ ድምፅ ሳስቶ ከአጥር ውጭ የሚያዜም ሰው መሰለ፤ ድቤውም ጣሳ ጣሳ አለ። እናቴ ደውላ ብትነግርዎ፣ ሱቅዎ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ካሴቶቹ አልቀዋልና ይጣሉ ብለው ፈረዱ። ሬዲዮውም ሳሳ ብትልዎ ጣቢያው ሩቅ ነው አሏት። እንዲህ ያለ ሊቅ እኛ ከተማ ተደብቆ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛ፦ ይህን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ በጣም ተናድጃለሁ። እናቴ አምስት ወር ሙሉ ቴፑን አልከፈተችም። ድምፅም እንደ ባለቤቱ ይሞታል ብላ አምና ተቀምጣ አገኘኋት። ለዒድ ስመጣ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የቀኙን ስፒከር ሁለት የሽቦ ጫፎች አቀያየርኳቸው፤ ሥራው ከጥፍር በቀር መሣሪያ አልጠየቀም። አባቴ መሐል ቤት ቆሞ ማዜም ጀመረ። እናቴ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ እስኪያበቃ ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ስለዚህ በቀለም አድልዎ የማያውቀው ፍትሐዊነትዎ ለመብራት ገመድ እንዳይተርፍ፣ የደሴን ሕዝብ ዕድሜ በማሰብ፣ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

እጅዎ እንዲያርፍ፣ ጆሮዎ እንዲሠራ ዘወትር ዱዓ የምታደርግልዎ፣
አክባሪዎ ፋኢዛ ሀምዱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ካሴቶቹ ሁለት ነበሩ። መንዙማውን እናቴ ልቧ አልጨክን ብሎ ደበቀችው። ሌላውን፣ አባቴ ሊሞት ሰሞን ልጆቹን በየስማችን እየጠራ የመረቀበትን፣ በምክርዎ መሠረት ከቆሻሻ ጋር ጣለችው። እርስዎን አንድ ቀን አልወቀሰችም፤ «የጣልኩት እኔ ነኝ» እያለች ነው የምታለቅሰው። ሽቦውን እኔ አቀናሁት፤ ይህን ጥፋት ግን ከእሷ ላይ አንስተው በትክክለኛ ቦታው፣ በራስዎ ላይ፣ እንዲያስሩት እርስዎን እጠብቃለሁ።