ኦርቪል ትሬድዌልና የወንዝ ዳሩ የታሪክ ሰሌዳ

ኦርቪል ትሬድዌል ከአባታቸው ከክላረንስ ትሬድዌልና ከእናታቸው ከሜብል ሆዋርድ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በኖርዝ ቤልዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 ተወለዱ። በአያታቸው የወተት ላም እርባታ አድገው ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀቁ። በ1959 በከተማው የመንገድ ሥራ ክፍል ተቀጥረው፣ በ2003 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በብርዱ ወራት በረዶ ሲጠርጉ፣ በሙቀቱ የመንገድ ጉድጓድ ሲደፍኑ ኖሩ። በ1966 ቨርና ፒትን አግብተው ጆይስንና ዳርልን ወለዱ። የጎረቤት መኪና በረዶ ውስጥ ከተቀረቀረ እራታቸውን ትተው የሚወጡ ሰው ነበሩ። ከእናንተ መካከል ይህን የማያውቅ ስለሌለ አናበዛውም።

ከሥራቸው ሁሉ የሚወዱት በየመንገዱ ዳር የቆሙትን የታሪክ ሰሌዳዎች ማደስ ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ አልተዉትም። በየፀደዩ ቀጭን ብሩሽ ይዘው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነጭ ይቀባሉ። ከሁሉም አብልጠው የሚጠነቀቁለት የወንዝ ዳሩን ነበር፤ «በዚህ ሥፍራ በ1676 ካፒቴን ጆብ ትሬድዌል የኒፕመክን ጦር ድል አደረገ» ይላል። ካፒቴኑ የቤተሰቡ ቅድመ አያት ነው።

በ2011 ኦርቪል ይህንኑ ሲቀቡ አንዲት ሴት መኪናቸውን አቁመው ወረዱ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከኒፕመኮች የሚወለዱት ነርስ ሎሬታ ቪከርስ ነበሩ። «እጅዎ ጎበዝ ነው» አሏቸው። «ግን የምን ጦር ነው? ወንዶቹ ለዓሣ ሄደው ነበር። የተቃጠሉት በእንቅልፍ ላይ የነበሩ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። አያቴ ስማቸውን እየጠራች ታለቅስ ነበር።»

ኦርቪል ደነገጡ፤ ነገሩ አዲስ ሆኖባቸው ግን አልነበረም። የገዛ አያታቸው በምስጋና ቀን ማዕድ ላይ «ተኝተው አገኟቸዋ!» እያሉ ሲያወሩ ሰምተው አድገዋል። በዚያ ማዕድ ላይ ያልሳቀ ትሬድዌል የለም። ስለዚህ በዚያው መንገድ ዳር፣ ብሩሻቸውን እንደያዙ፣ ሰሌዳውን አስለውጣለሁ ብለው ለሎሬታ ቃል ገቡ።

ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን በ2012 ነዋሪው ድምፅ ለሚሰጥበት የከተማው ዓመታዊ ስብሰባ አቀረቡ። ሎሬታም በኦርቪል ግብዣ መጥተው፣ ድምፅ የማይሰጡ እንግዶች በሚቀመጡበት በኋለኛው ወንበር ተቀመጡ። የኦርቪል ታላቅ ወንድም ኤመሪ ተነሥተው፣ «አንተ ኦርቪል፣ ዕድሜህን ሙሉ ስታሳምረው ኖረህ ዛሬ ነው ያስጠላህ? አያታችን ይህን ጉድ ሳያዩ መሞታቸው በጃቸው!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢው የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቁ። ቨርና አወጡ። አጠገባቸው የተቀመጡት ኦርቪል ግን እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አላነሡም። ራሳቸው ባቀረቡት ጉዳይ ነው እንግዲህ። ጉዳዩም ወደቀ።

ሎሬታ በዋናው በር ቆመው ሲጠብቋቸው ኦርቪል በአዳራሹ የኩሽና በር ሾልከው ወጡ። መኪና ውስጥ ቨርና «ምነው ኦርቪል?» ብቻ አሏቸው።

በቀጣዩ ፀደይም ያንኑ ሰሌዳ ቀቡ፤ እምቢ ቢሉ ለምን የሚል ጥያቄ ይመጣልና። መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ግን ፊታቸውን ወደ ወንዙ ያዞሩ ነበር። እንዲህ እያፈሩ አሥራ አንድ ዓመት ቀቡት።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በየካቲት 2024 በቤታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ጆይስን ጠርተው፣ «ስለ በረዶ መጥረጌ ብዙ አታውሩ፤ ያቺን የስብሰባ ማታ ግን እንዳትዘሏት» አሏት። ቃላቸውን ጠብቀን ያነበብነው ለዚህ ነው።

ባለቤታቸውን ቨርናን፣ ወንድማቸውን ኤመሪን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አበባ አታምጡልን። የሰሌዳው ጉዳይ ዘንድሮ ግንቦት እንደገና ይቀርባል፤ አቅራቢዋ ቨርና ናቸው። ኦርቪልን የምትወዱ ያን ዕለት መጥታችሁ እጃችሁን አውጡ።

ቨርና ለሎሬታ ቪከርስ ስልክ ደውለው መርዶውን ሲነግሯቸው፣ እሳቸው «መምጣቱን እመጣለሁ። ይቅር ብላለች ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ» ብለዋል። ይኸው መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። እኛም አልጻፍንም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል።