የባለቤቴን ስም ከመድን ቅጹ ላይ ስለሰረዝኩበት ሁኔታ

ለክቡር ዱዌይን ትሬቫሮ
የሄምሎክ አውራጃ ምክር ቤት ሊቀ መንበር
በከተማችን ጋዜጣ በኩል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ኮሪንና ለመላው የምክር ቤቱ አባላት የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ እመኛለሁ። ጤንነት በዚህ አውራጃ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ምኞቴ ከልብ መሆኑን እንደማይጠራጠሩ ተስፋ አለኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። እንዴት ነሽ ለሚለኝ ሰው ግን መልስ አጣለሁ፤ ከመስከረም ወዲህ ጥርስ ሊነቀል የደነዘዘ ድድ ሆኛለሁ፣ ሲነኩኝ አውቃለሁ እንጂ አያመኝም።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ማርሊን ካንጋስ እባላለሁ። በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በመዝገብ ክፍሉ መስኮት ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ የዚህን አውራጃ ሕዝብ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ወረቀት ስመዘግብ ኖሬያለሁ። የእርስዎንም የጋብቻ ፈቃድ ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ስለቸኮልኩ ወይም ስለደፈርኩ አይደለም። ባለፈው ጥቅምት ስብሰባ ላይ እንደ ማንኛውም ዜጋ ሦስት ደቂቃ ተፈቅዶልኝ ነበር። ሆኖም ለክቡር ምክር ቤቱ የሚገባውን ምስጋና ሳቀርብ ቆይቼ «የጡረተኞች የጤና መድን» ከሚለው ቃል እንደ ደረስኩ ቀዩ መብራት በራ። እርስዎም «ማርሊን፣ ስላገለገልሽን እናመሰግናለን» ብለው ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ በበረዶ ላይ የሚነዱ ሞተሮች ወደሚያልፉባቸው መንገዶች ምልክት አለፉ። የቀረውን እነሆ።

አንደኛ፦ የዛሬ አራት ዓመት አውራጃው ገንዘብ አጥሮት ደመወዝ የሚቀንስበት ሲፈልግ፣ አንጋፋ ሠራተኞች ቶሎ ጡረታ ብንወጣ የእኛና የባለቤቶቻችን መድን ባለበት እንደሚቀጥል ተነገረን። እኔም በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ወጣሁ። በስንብቴ ዕለት እርስዎ ከኬኩ ሁለት ቁራጭ ተመግበው፣ ትከሻዬን ይዘው፣ «ማርሊን፣ አንቺ ብቻ እረፊ፤ መድንሽን ማንም አይነካውም፣ የዕድሜ ልክ ነው» ብለውኛል። ዘንድሮ ምክር ቤቱ የቀጠረው ጠበቃ ያ ንግግር መልካም ምኞት እንጂ ውል እንዳልነበረ በአሥራ አራት ገጽ አብራርቶልናል። ለመልካም ምኞትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ለኬኩ ያዋጣነው እኛ ስለነበርን በዚያ በኩል ውለታ የለብንም።

ሁለተኛ፦ በየዓመቱ በነሐሴ የሚደርሰን ደብዳቤ «ስንገልጽላችሁ ደስታ ይሰማናል» ብሎ መጀመሩን አደንቃለሁ፤ በቤታችን ደስ የሚለው ሰው ከጠፋ ስለቆየ፣ ቢያንስ በመሥሪያ ቤትዎ መገኘቱ አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት መዋጮው ትንሽ ጨመረ፣ ዝም አልን። በሁለተኛው ጨመረ፣ ባሌ ሬይኖ የበረዶ ሞተሩን ሸጠ። ዘንድሮ «ባለቤት» በሚለው ዓምድ ሥር የተጻፈውን ሳይ መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አየሁት። ለሁለታችን ከፍለን ከጡረታ አበሌ የሚተርፈው ቤቱን ያሞቃል እንጂ እኛን አያበላም። በነጠላ ብሆን ግን እንደ ልቤ እኖራለሁ። አውራጃው ለብቸኛ ሴቶች ያለውን አሳቢነት ከዚያ ወረቀት ተረዳሁ።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ አይደለም፣ ምስጋና ነው። ሬይኖን ያውቁታል፤ ጣራ ሠሪ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ የሰው ጣራ ላይ ወጥቶ በረዶ ያራግፍ ነበር። የራሱ ሥራ ስለሆነ የራሱ መድን ኖሮት አያውቅም፤ ልቡ ከደከመ ወዲህ ደግሞ መሰላል አይወጣም። በመጋቢት ወጥ ቤት ውስጥ ወድቆ አገኘሁትና ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን በትክክል ይወስድ እንደሆነ ሲጠይቀኝ አዎ ብዬ ማልኩ። ቤት ስመለስ ግን በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከምስማሮቹ ጎን፣ በምንጣፍ መቁረጫ ምላጭ እኩል እኩል የተከፈሉ ክኒኖች አገኘሁ። «ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። «ያው ግማሹም መድኃኒት ነው» አለኝ። ጣራ ሲለካ እንደዚያ ተጠንቅቆ ቆርጦ አያውቅም።

ለሆስፒታሉ ዕዳ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሥጋና ድንች የታጨቀበት ፓስቲ ጋግረው ሲሸጡ፣ እርስዎ በአካል ተገኝተው አንድ ደርዘን ገዝተዋል፣ መልሱንም «ያዙት» ብለዋል። ጭማሪው የጸደቀው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ፣ በእርስዎ ድምፅ ነው። ማክሰኞ የወሰዱብንን ቅዳሜ በፓስቲ መመለስዎ እንዴት ያለ ልብ ቢኖርዎ ነው እያልኩ እገረማለሁ። ፓስቲው ጣፍጦዎት እንደሆነ ግን ሳልጠይቅዎ ቀረሁ።

አራተኛ፦ የመድን ቅጹ እስከ ኅዳር አጋማሽ ካልተመለሰ ሁለታችንም እንደምንሰረዝ፣ አንዴ የወጣም ተመልሶ እንደማይገባ ተጽፎልናል። ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ሳለ ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት የመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኛ፣ በምሳ ሰዓቷ ከራሷ መኪና ውስጥ ሆና ደወለችልኝ። «ማርሊን፣ ይሄን ከኔ አልሰማሽም፣ እሺ? ሬይኖ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የመንግሥት የአረጋውያን መድን እስኪያገኝ አራት ዓመት ይቀረዋል። ያንቺ ጡረታ በስሙ እስከተቆጠረ ድረስ ደግሞ የድሆቹን ሕክምና አይሰጡትም። ብትፋቱ ግን ምንም ገቢ የሌለው ሰው ነው፣ በነጋታው ይቀበሉታል» አለችኝ። «ኧረ ብዙ ሰው አድርጎታል፣ አትፈሪ» ብላም ጨመረች። የአውራጃው ሠራተኞች ለሕዝብ ምን ያህል እንደሚጨነቁ ከዚህ ይረዱልኛል። ብቸኛዋ እውነት የነገረችኝ እሷ ነችና እንዳያባርሯት እለምናለሁ።

ለሬይኖ ስነግረው ሳቀ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰበብ ስትፈልጊ ኖረሽ፣ አውራጃው ሰጠሽ በያ!» አለኝ። ከዚያ እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

የፍቺውን ማመልከቻ በመስከረም ያስገባሁት በገዛ መስኮቴ ነው። በወንበሬ የተቀመጠችውን ልጅ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ፤ ወረቀቱን አይታ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ማኅተሙን ይዛ ቆመች። እኔ ግን «ከታች በኩል ነው፣ ጠበቅ አድርገሽ ምቺው» አልኳት። ምንም አልተሰማኝም። ሕጉ ያዘዘውን ስልሳ ቀን ጠብቀን ዳኛው ፊት ቀረብን። ዳኛው ቀና ብለው አላዩንም፤ ከወረቀታቸው ላይ የጋብቻችን ዓላማ ፈጽሞ ፈርሶ እንደሆነ፣ የመጠገን ተስፋም የሌለው እንደሆነ ጠየቁኝ። ሬይኖ ከአጠገቤ «ጣራ ቢሆን እጠግነው ነበር» ብሎ አጉረመረመ። እኔ ቀኝ እጄን እንዳነሣሁ «አዎ፣ ክቡር ዳኛ» አልኩ። የሌላውን ሰው መሐላ ሠላሳ አንድ ዓመት ስመዘግብ ኖሬ፣ እያወቅሁ በሐሰት የማልኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሌ ልከሰስ የሚገባኝ ከሆነ አልሸሽም፤ እስር ቤት ሕክምና በነፃ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

በአንድ መኪና መጥተን በዚያው መኪና ተመለስን። ቅጹን ሞልቼ «ባለቤት» ከሚለው ዓምድ ስሙን ሰረዝኩ። አውራጃው በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ሰጠኝ፤ በሠላሳ አምስት ዓመት ትውውቃችን እንዲህ ፈጥናችሁ አታውቁም።

ቀጣዩን አምስተኛ ብዬ ልቁጠረው አልቁጠረው አላውቅም፤ እናንተ አላደረጋችሁትም፣ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ሬይኖን ጠንቅቄ ማወቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። አያቶቹ ከፊንላንድ ይዘውት የመጡትን ሃይማኖት አጥብቆ የያዘ ሉተራን ነው፤ በዚያ ማኅበር ወንድና ሴት ሳይጋቡ በአንድ ጣራ ሥር አያድሩም። ከፍርድ ቤት በተመለስንበት ቀን ኮቱን ሳያወልቅ ትራሱን፣ መጽሐፍ ቅዱሱንና መድኃኒቱን ሰብስቦ፣ ጓሮ ወዳለችው ሳውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንታጠብባት የእንጨት ጎጆ ወጣ። «የት ነው?» ስለው «ያላገባኋት ሴት ቤት አላድርም» አለኝ። «አብደሃል እንዴ፣ ሬይኖ! ወረቀት እኮ ነው!» አልኩት። «ስንጋባም ወረቀት ነበር። አንቺ ራስሽ አንድ ቀን ወረቀት ብቻ ነው ብለሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ይኸው አምስት ሳምንት ሆነው። ጠዋት ጠዋት በወጥ ቤቱ መስኮት ቆሜ የሳውናዋን ጭስ ማውጫ አያለሁ፤ ጭስ ከወጣ ተነሥቷል ማለት ነው። ከዚያ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። በገዛ እጁ የሰቀለውን በር። «ግባ እንጂ!» እስክለው በረዶ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቁርሱን ይበላል፣ ሙሉዋን ክኒን ከፊቴ ይውጣል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ አመስግኖኝ ይሄዳል። ያመሰግነኛል፣ ክቡር ሆይ! ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሮኝ ሲበላ አንድ ቀን አመስግኖኝ የማያውቅ ሰው። ይህን ሁሉ ስጽፍ ማልቀስ እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ግን አይመጣልኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የእናንተ ዕቅድ ሠርቷል። የድሆቹ መድን ካርድ መጥቶለታል፣ ክኒን መቁረጥም ቀርቷል፣ ፊቱም መለስ ብሏል። ያለፈው እሑድ ማታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጃፍ ላይ ቆመና «ስልሳ አምስት ስሞላ ታገቢኛለሽ ወይ?» አለኝ። ተናግሮ ሳይጨርስ እሺ አልኩት። ግባ ስለው ግን መሽቷል ብሎ እንቢ አለኝ፤ ብርድ ስለነበረ በሩን ዘጋሁት።

እንግዲህ መዋጮው ይቀነስልኝ ብዬ አላስቸግርዎም፤ ጠበቃውን ዳግም ማሠራት ወጪ ነው። ይህን ያህል ጊዜዎን ወስደው ቀይ መብራት ሳያበሩ ስላነበቡልኝ ብቻ፣ ለእርስዎና ለተከበሩት የምክር ቤት አባላት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የምታጸድቁት ሁሉ ወደ ቤታችሁ እንዲደርስ ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ማርሊን ካንጋስ
የቀድሞ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ፣ በሕግ ፊት ነጠላ

ማሳሰቢያ፦ ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ ሬይኖ ስንት ዓመት እንደሚቀረው ጠይቄው ነበር። «ስለ ሁለት ዓመት ብናወራ ይሻላል» አለኝ። ሬይኖ ስልሳ አምስት የሚሞላው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ክቡርነትዎ በቁጥር ሥራ የተካኑ ስለሆኑ፣ አራቱን ሁለት የሚያደርጉበት ዘዴ ካለ በአድራሻዬ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ሬይኖ ጋዜጣ የሚፈልገው ለእሳት ማቀጣጠያ ብቻ ስለሆነ ይህን አያነብም። አደራ፣ እናንተም እንዳትነግሩት።