ጣታቸው ሳይነካው የማይወጣው ዱቄት፤ የአቶ ይርዳው ባዩ የሕይወት ታሪክ

ዓመቱን በውል አላስታውሰውም። እኔ የእህታቸው ልጅ እሸቴ በእንግድነት ቤታቸው ሳለሁ፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ እፀገነት ምሳ ይዘው ብዙ ከጠበቁ በኋላ «ይርዳው፣ ዱቄቱን አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ይንካው» አሏቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው «ስሞት ይነኩታል» ያሉ ይመስለኛል። የቀረውን ረስቼዋለሁ።

አቶ ይርዳው ከአባታቸው ከአቶ ባዩ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለሚቱ ደስታ በ1948 ዓ.ም. በደብረ ታቦር አቅራቢያ ተወለዱ። በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው፣ በከተማው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1975 ከወ/ሮ እፀገነት ጋር በተክሊል ተጋብተው ሙሉቀንንና መሠረትን ወለዱ።

በ1986 በአንድ ወፍጮ ጀምረው፣ በ1998 የዱቄት ፋብሪካ አቋቋሙ። በፋብሪካቸው ማሽን ያለወትሮው ከጮኸ ጠራጊዋም ብትሆን ማንንም ሳታስፈቅድ ታቆመዋለች፤ ያቆመ አይወቀስም። አንድ ነገር ግን ለማንም አልተዉም። እሳቸው በጣታቸው አሽተው «ልሟል» ካላሉ አንድ ጆንያ ከግቢ አይወጣም።

ወ/ሮ እፀገነት በ2005 ካረፉ፣ ልጆቻቸውም በሥራ ከራቁ በኋላ ምሳቸውን መጋዘኑ በር ላይ ብቻቸውን ይበሉ ነበር። እሑድም ከቅዳሴ መልስ፣ ዝግ መሆኑን እያወቁ፣ ፋብሪካው ግቢ ተቀምጠው ይውሉ ነበር።

በነሐሴ 2017 የስኳር ሕመማቸው ጠንቶ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሲተኙ፣ ዱቄቱ ዘጠኝ ቀን መጋዘን ተቆለለ። ዳቦ ቤቶችም ወደ ሌላ መሄድ ጀመሩ። በዘጠነኛው ቀን የወንፊት ክፍል ኃላፊዋ ፍቅርተ በፌስታል ዱቄት ቋጥራ መጣች። እኔ አስታማሚ ነበርኩ። እሳቸውም በጣታቸው አሹትና «ልሟል» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያመጣሁት ሻካራውን ነው።»

ጣታቸው በስኳሩ ከደነዘዘ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም።

«እስከ ዛሬ ማን ሲለየው ኖረ?»

«እኛ ነና። እርስዎ ጋ ሳይደርስ እንለየዋለን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«ማሽኑን እንድናቆም ፈቅደውልናል፤ እርስዎን ለማቆም ግን ማን ደፍሮ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አቶ ይርዳው መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና ሥራ ያልፈቱ አርባ ሁለት ሠራተኞች ትተዋል። ብቻቸውን ሲበሉ ያያቸው አምላክ በአብርሃም ማዕድ ከባለቤታቸው ጎን ያስቀምጥልን።

ያን ዕለት ከግድግዳው ሲመለሱ ፌስታሉን ለፍቅርተ መልሰው የተናገሩት ይህን ነው፤ «በሉ እንግዲህ፣ ሳልሞት ንኩት።»