ዛሬ የምታሳየው ትእዛዝ

ወንድሜ፣

ቀድሜህ ወጥቻለሁ። የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን ከሥሩ እንዳታነሳው። ሸሚዝህን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ዛሬ አለቃችን ፊት ስለምትቆም ያምርብህ ብዬ ነው።

«የመሥሪያ ቤታችንን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ አዲስ ያዋቀርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ከውጭ ያመጣው ወሬ ብቻ ነው» ማለትህን ሰምቻለሁ። እናታችን በሰው ወርቅ አይደምቁም ትል ነበር፤ አንተ ግን ደምቀህ ከረምክ።

ፕሮግራሙ ድሮ ሲከፈት፣ እያንዳንዱን ሥራ የሚሠሩትን ትእዛዞች በሙሉ አንድ ላይ ስለሚጭን ይንቀራፈፍ ነበር። እኔ የተጠራውን ብቻ እንዲጭን አደረግኩትና ፈጠነ። አንድ ነገር ግን አላየህም። የጠፋ ፋይል የሚመልሰው ያንተ ትእዛዝ ይሠራ የነበረው፣ የእኔ ትእዛዝ ቀድሞ ተጭኖ የሚያስፈልገውን ሁሉ ስለሚያዘጋጅለት ነው። አሁን ብቻውን ሲጠራ ይወድቃል። ዛሬ ሰው ሰብስበህ የምታሳየውም እሱን ነው።

ማረም እችል ነበር። አላረምኩትም።

ትናንት እራት ላይ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። «ፈረንጁ፣ ጨው አቀብለኝ» አልከኝ።
አቀበልኩህ።

ደግ አደረግኩ አልልም። በተማርኩበት አገር፣ በቀል የደካማ ነው ይሉኝ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ዝም ያለውን ሞኝ ይሉታል። የቱ እውነት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ስልኬን ዘግቻለሁ፣ እንዳትደክም። ከትእዛዝህ የጎደለው አንድ መስመር ብቻ ነው። የት እንደሚገባ ሥራውን የሠራው ሰው ያውቀዋል።